ሁከት ይወገድልኝ

ጣርማ በር ስንደርስ አውቶቡሱ ታጥፎ፣
ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ አልፎ፣
ሞላሌ አወረደን፤ አራት ነን ተማሪ፣
ሦስተኛ ዓመት ሕግ፣ ሁላችን ተናጋሪ።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከመዝገብ ቤት ጎን፣
የቆርቆሮ ክፍል ቁልፉ ተሰጠን።
«ነፃ የሕግ ምክር» ለጠፍን በሩ ላይ፤
ማንም ሳይመጣ ዋልን እስከ ማታ ፀሐይ።

ውጭ ግን ሰልፍ አለ፤ ጋሽ አጎናፍር
ማመልከቻ ይጽፋሉ ከባሕር ዛፉ ሥር፤
የጽሕፈት መኪናቸው «ጠ» ፊደል የላትም፣
በእስክሪብቶ ይሞላል፤ ዳኛው አይቆጡም።
እኛ በነፃ ነን፤ እሳቸው በሃምሳ ብር፤
ሰው ነፃን አይደፍርም፣ ወይ ሌላ አለው ምሥጢር።

በሦስተኛው ቀን ላይ እትዬ የሺመቤት
ባና ተከናንበው ገቡ ወደኛ ቤት።
«የባሌ ወንድም ነው፤ ሲያርስ በየክረምቱ
አንድ ትልም ያልፋል፤ ቁጠሩ፣ ሰባቱ
ዘንድሮ ሞሉ» አሉ። «ድንበሩ ድንጋይ ነው፤
ድንጋይ ይራመዳል? የኔው ነው የሚሄደው።»

ጻፍኩላቸው እኔ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ፣
አንቀጽ የበዛበት ገጽ ሙሉ አማርኛ፦
«ተከሳሽ በከሳሽ ይዞታ ላይ ገብቶ
የሁከት ተግባር…» አነበብኩ ድምፄ ጎልቶ።

እትዬ የሺመቤት ደንገጥ ብለው አዩኝ፤
«ሁከት አላውቅም እኔ፤ ልጄ፣ አታስወንጅይኝ!
እሱም ቢሆን አልጮኸ፣ ዱላም አላነሣ፤
ዝም ብሎ ነው የወሰደው፤ በዓል እንኳ ሳይረሳ
ይጠራኛል ለዝክር።
እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

ዝም ብሎ መውሰድን ሕግ ምን ብሎ ይጠራል?
የተማርኩት ሁሉ «ሁከት» ብሎ ያበቃል።

ወረቀቴን ይዤ ባሕር ዛፉ ሥር ሄድኩ፤
«ጋሼ፣ ይዩልኝ» ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።
መነጽራቸውን በክር ከጆሮ አስረው፣
አንዴ አነበቡት፣ ደገሙት ዘርዝረው፦
«ሕጉስ አለ፣ ልጄ። ሴትየዋ የሉም።
ትልሞቹ የታሉ? ማን አየ? መቼ? ምንም።
‹ሁከት› ትቀመጥ፤ እሷ የዳኛው ናት፤
ከሥሯ ግን ጻፊ ሰባቱን ዓመታት።»
«ስንት ልክፈል?» ስላቸው ሣቁ። «ነፃ ነው» አሉ፤
«ምን በር አለኝ ልለጥፍ? የሚያውቁት ያውቃሉ።»

በማግሥቱ ወጣን ገመድ ይዘን ማሳው፤
ውርጩ ከገለባው ገና አልተነሣው።
አንድ ትልም ማለት የጫማዬ ልክ ነው።
«ሰባት ጫማ መሬት!» አልኩ፣ ቀሎብኝ ነው።
እትዬ ሰሙኝ። ጎንበስ ብለው አፈሩን
በጣታቸው ፈረከሱ ጓሉን፦
«አራት ቁና ገብስ ነው፣
በያመቱ።»
ገመዱን ጠቀለልኩ። አላየሁም ፊቱን
የሰውዬውን፤ ከሩቅ ሰላም አለን፣
እጁን አንሥቶ፣ እንደ ደህና ጎረቤት።

ማመልከቻው ገባ። ተጻፈ በስድስት ገጽ፣
አንዱ ገጽ የኔ ነው፣ ያ ባለ ብዙ አንቀጽ፤
አምስቱ የሳቸው፦ በየትኛው ክረምት፣
ድንጋዩ ሲነሣ ማን እንደነበረበት፣
በሬው ምን መልክ ነው፣ ያን ዕለት ዘንቦ ነበር?
ዳኛው ሲያነቡት አንዴ ቀና አሉ፤ ሌላ አልነበር።
«ተከሳሽ መልስ ይስጥ፤ ቀጠሮ ለሰኔ
አሥራ አንድ።» በግንቦት አልቆ ነበር የኔ።

ሪፖርቱን ሞላሁ። «የቆይታ ሰዓት»፣ ስልሳ።
«የተገለገለ ሰው»፣ አሥራ አራት፤ አንድም ሳልረሳ።
«ያስተማረሽ ሰው» የሚል ሣጥን ፈልጌ አጣሁ፤
ከቅጹ ጀርባ ላይ ሁለት ስም ጻፍኩና ወጣሁ።

ውጤት ተለጥፏል። «ኤ» ነው። ዝም ብዬ ወሰድኩት።

ሰኔ ግን እርሻ ነው፤ በሬ ተጠምዷል፤
ስምንተኛው ትልም ማለዳ ይጀመራል።
ትናንት ማታ እትዬ በጋሽ አጎናፍር ስልክ
ደወሉ፤ ድምፃቸው ከነፋሱ ጋራ ሲታከክ፦
«ለቀጠሮው እለት ትመጪያለሽ፣ ልጄ?»

አሥራ አንድ ፈተና አለኝ። ስልኩ አለ በእጄ፤
እሳቸው አልጮሁም።
እኔም አልጮህኩም።